በጎጃም ከአስፋልት ወጥቶ በጥቂት ገንዘብ መጓዝ፦ ለወጣት ተጓዦች የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

ጎጃምን ለማየት የሚነሣ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ባሕር ዳር ነው። ጢስ ዓባይን አይቶ፣ ከጣና ገዳማት ወደ አንዱ በጀልባ ተሻግሮ፣ ከሐይቁ ዳር ዓሣውን በልቶ ይመለሳል። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያለውን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን አገር ግን በአውቶቡስ መስኮት፣ ያውም ሌሊት የተነሣ ስለሆነ እንቅልፍ እየጣለው፣ ያልፈዋል። ለዓይንም ለኪስም የሚሻለው ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለው ነው፤ የጮቄ ተራራ፣ የሰከላ ምንጭ፣ የአዊ ዞን ሐይቆች፣ የምሥራቅ ጎጃም ጥንታውያን ደብሮች ሁሉ ያሉት እዚያ ነው። ወደ እነዚህ ቦታዎች ለመድረስ የኪራይ መኪናም አስጎብኚ ድርጅትም የግድ አያስፈልግም። በጎጃም ገጠር በርካሽ መጓዝ ማለት በትክክለኛው ቀን መጓዝ ማለት ስለሆነ፣ ይህ መመሪያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያተኩረው በቀን አመራረጥ ላይ ነው።

መጀመሪያ፦ መንገዱ ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው የትጥቅ ግጭት ምክንያት የጎጃም መንገዶች አንዳንዴ ለቀናት ይዘጋሉ፤ ዛሬ ሰላም የዋለ ወረዳም ነገ ላያስገባ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ዕቅድ የሚጀምረው ከስልክ ነው። ስልኩን ስትደውሉ ግን «ሰላም ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የጎጃም ሰው ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነውና ምንም አታውቁበትም። ይልቁንስ «ትናንት ከደብረ ማርቆስ መኪና ገብቷል? በስንት ሰዓት ገባ? ዛሬ ጠዋትስ የወጣ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ እርስ በርስ ለማይተዋወቁ ለሦስት ሰዎች አቅርቡ፤ አንዱ በመናኸሪያ የሚሠራ፣ ሁለተኛው በምትሄዱበት ከተማ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ፣ ሦስተኛው ልታድሩበት ያሰባችሁት ቤት ባለቤት ቢሆን ጥሩ ነው። የሦስቱ መልስ ካልተስማማ ጉዞውን አቆዩት። መንገድ ሲዘጋ በአቋራጭ ወይም በሌሊት ለማለፍ መሞከር ጀብዱ አይባልም፤ ይህ መመሪያም ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተጻፈ አይደለም።

መታወቂያችሁ ያልተቀደደና ጊዜው ያላለፈ ይሁን፤ ተማሪዎች ከሆናችሁ የትምህርት ቤቱንም ጨምሩ። በየኬላው ከመኪና ወርዶ መፈተሽ የተለመደ ስለሆነ ቦርሳችሁ በቀላሉ የሚከፈትና የሚዘጋ ቢሆን ይመረጣል። የወታደር ልብስ የሚመስል ሱሪና ጃኬት፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርና ድሮን ይዞ መሄድ አላስፈላጊ ጥያቄ ያስከትላል። በኬላና በድልድይ አካባቢ፣ በተለይም በዓባይ ድልድይ ላይ፣ ፎቶግራፍ አታንሡ።

ወቅቱን መምረጥ

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ከአስፋልት ውጭ ያለው መንገድ በጭቃ ስለሚያዝ መኪና ይጠፋል፣ ዋጋም ይወደዳል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ሜዳው አደይ ይለብሳል፣ ወንዞቹ ገና አልጎደሉም፣ ጢስ ዓባይም ውኃው ሙሉ ነው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ በመሆኑ ገጠሩ ሥራ ላይ ይውላል፤ በዚያን ጊዜ መንገድ የሚያሳይ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም፣ ያገኛችሁትም ሰው ከአውድማው የወጣ መሆኑን አስቡ። ጥር የበዓል ወር ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ። ከየካቲት ጀምሮ ዐቢይ ጾም ስለሚገባና ሜዳው ስለሚደርቅ ለደጋው ካልሆነ በቀር አልመክረውም፤ ነገር ግን አልጋ የሚረክሰው በዚህ ወቅት ነው።

የገበያ ቀንን ማወቅ

የዚህ መመሪያ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። በእያንዳንዱ የገጠር ከተማ ገበያ የሚቆምበት የታወቀ ቀን አለ፤ አብዛኞቹም አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የገበያ ቀን አላቸው። ገበያ በሌለበት ቀን ከወረዳ ከተማ ወደ ገጠር ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ግማሽ ቀን ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ትዕግሥት ያጣ ተጓዥም «ኮንትራት» ይባልና የአሥራ ሁለት ሰው ሒሳብ ብቻውን ይከፍላል። በገበያ ቀን ግን ገና ሳይነጋ ጀምሮ መኪናው ተከታትሎ ይነሣል፣ ወንበሩ በደቂቃዎች ይሞላል፣ ሰውም የሚከፍለው የታወቀውን ታሪፍ ነው። ምግብ ቤቱም የሚያበስለው በዚያ ቀን ስለሆነ ትኩስ እንጀራና ወጥ ይገኛል፤ እንቁላሉ፣ ማሩ፣ ድንቹና ቆሎው ከገበሬው እጅ በቀጥታ ይገዛል። ከሰዓት በኋላም ገበያተኛው በየአቅጣጫው በእግሩ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ፣ ወደ አንድ ደብር ወይም መንደር በእግር ለመሄድ የፈለገ ተጓዥ መንገድ የሚያውቅ ጓደኛ ያለ ክፍያ ያገኛል።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። መነሻችሁ ወደሆነው ከተማ በደረሳችሁ ቀን ወደ መናኸሪያው ሂዱና ለረዳቶቹ፣ ከዚያም ለሻይ ቤት ሴቶች፣ በዙሪያው ያሉት ከተሞች ገበያቸው በምን ቀን እንደሚቆም ጠይቁ። ሰባቱን የሳምንቱን ቀናት በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ በተራ ጽፋችሁ በእያንዳንዱ ቀን አንጻር የከተማውን ስም አስፍሩ። ሰንጠረዡ ሲሞላ መንገዳችሁን እሱ ራሱ ይነግራችኋል። ጨው፣ ጨርቅ፣ ሳሙናና የፕላስቲክ ዕቃ ይዘው ከገበያ ወደ ገበያ የሚዞሩ ነጋዴዎች በየአካባቢው አሉ፤ እነርሱ ዛሬ ካሉበት ከተማ ነገ ገበያ ወደሚቆምበት ከተማ የሚወስዳቸውን መኪና አስቀድመው ያውቁታል። ከእነዚህ ነጋዴዎች ከአንዱ ጋር የተዋወቀ ተጓዥ የሳምንቱ መጓጓዣ ተፈታለት ማለት ነው።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው መመለሻው ነው፤ የገበያ መኪና ከቀኑ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀር መኪና የለም ብላችሁ ቁጠሩ። በማግስቱ ከተማው ጭር ስለሚል፣ ለማደር ከወሰናችሁ በእግር የምታዩትን ነገር ለማግስቱ አስቀሩ። ሁለተኛው አሳፋሪ ያልሆነ ግን አደገኛ የሆነ ልማድ ነው፦ ሚኒባስ ሲጠፋ በጭነት አይሱዙ ላይ ከእህሉ ከረጢት በላይ ተቀምጦ መሄድ። ጋቢና ካልተገኘ ቅሩ፤ በጠመዝማዛው ቁልቁለት ላይ የሚገለበጥ ጭነት መኪና በየዓመቱ ሰው ይጨርሳል።

ገንዘቡን መደልደል

ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር ብሰጥ ያሳስታችኋል፤ የምትሠሩበትን መንገድ ግን ልስጥ። የጉዞውን ገንዘብ ለመጓጓዣ፣ ለአልጋ፣ ለምግብ፣ ለመግቢያና ለመንገድ መሪ ከፍላችሁ ጻፉ፤ ከዚያም የድምሩን ሲሶ ለድንገተኛ ነገር ጨምሩና ከሌላው ለይታችሁ አስቀምጡት። መኪና ቀርቶ ሁለት ቀን ያላሰባችሁት ከተማ ውስጥ ማደር የሚያጋጥመው ለሁሉም ነው። ባንክና የስልክ ገንዘብ በዞንና በወረዳ ከተሞች ይሠራል፤ ከዚያ ሲወጣ ግን መብራትና ኔትወርክ በአንድነት የሚጠፉበት ቀን ስላለ ዝርዝር ብር መያዝ ግዴታ ነው። ሁለት መቶ ብር አውጥቶ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ መልስ መጠየቅ ባለሻይዋን ማስቸገር ነው።

በመናኸሪያ ውስጥ ታሪፉን አይታችሁ ወይም ሌላ ተሳፋሪ ጠይቃችሁ ክፈሉ፤ ሻንጣ ይዞ እየሮጠ መኪና የሚያሳያችሁ ደላላ የሚያሳያችሁን መኪና እናንተም ታዩታላችሁ። የቦርሳ ክፍያ ካለ ዕቃው ጣራ ላይ ከመውጣቱ በፊት ተነጋገሩ። ከጓደኛ ጋር መሄድ አልጋውንና የመንገድ መሪውን ዋጋ ለሁለት ይከፍላል፤ ከአራት በላይ መሆን ግን በትንሽ ከተማ ውስጥ አልጋም ወንበርም ያሳጣል፣ የገጠር ቤትንም ያጨናንቃል።

ስንቅና ልብስ

ቦርሳው በጉልበታችሁ ላይ ተቀምጦ የሚሄድ መጠን ይኑረው። ጋቢ ያዙ፤ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ የፀሐይ መከላከያና የቤተ ክርስቲያን ልብስ በአንድነት ይሆናል። ሴቶች ነጠላና ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ ይጨምሩ። አንሶላ፣ የክፍላችሁን በር የምትቆልፉበት የራሳችሁ ጓጉንቸር፣ የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክና ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ካርታ በስልካችሁ ላይ ይኑር። ለስንቅ በሶን የሚያህል የለም፤ በአንድ ኩባያ ውኃና በትንሽ ማር ወይም ስኳር ተበጥብጦ ግማሽ ቀን ያስኬዳል፣ አይበላሽም፣ ለጾምም ይሆናል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከየገበያው ይሞላል። ዱላም አትርሱ፤ በጎጃም ዱላ ይዞ የሚሄድ እንግዳ ማንንም አያስደነግጥም፣ ውሻን ግን ያስደነግጣል።

መነሻ ከተማን መምረጥ

በየቀኑ ቦርሳ ተሸክሞ ከተማ ከመቀያየር፣ በአንድ ከተማ አልጋ ይዞ በየአቅጣጫው እየወጡ መመለስ ይረክሳል፤ አልጋውን ለሦስትና ለአራት ቀን የያዘ ሰው ዋጋ ያስቀንሳል፣ ከባዱን ዕቃም ያኖራል። ለጮቄ ደብረ ማርቆስ፣ ለአዊና ለሰከላ እንጅባራ፣ ለምሥራቁ መንገድ ቢቸና ወይም ሞጣ፣ ለጣና ባሕር ዳር ይሆናሉ። ከአራቱ ውድ የሆነው ባሕር ዳር ነው፤ ስለዚህ በመጨረሻ አድርጉት።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በአንድ ቀን ይደረሳል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ስለሆነ፣ ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ወደዚያ መውጣት የለበትም፤ አንድ ሌሊት ደብረ ማርቆስ እደሩ፣ ከተማውንና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ያሠሩትን የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን እዩ። በማግስቱ ወደ ስናን ወረዳ ከተማ ወደ ሮብ ገበያ የሚሄደውን መኪና ያዙ። መንገዱ ከሮብ ገበያ አልፎ ተራራውን አቋርጦ ወደ ድጎ ጽዮን ይወርዳል። በሮብ ገበያ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አነጋግራችሁ መንገድ የሚያውቅ የአካባቢ ወጣት እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ፤ ክፍያውን ከመነሣት በፊት ወስኑ፣ ምሳውንም እናንተ ቻሉ።

በጮቄ ላይ ሰማዩ የሚጠራው በማለዳ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የተነሣ ሰው ጫፉን በጠራ አየር ያያል፤ ከሰዓት በኋላ ጉም ስለሚወርድ ከአሥር እርምጃ ፊት የማይታይበት ጊዜ አለ። በዝቅተኛው በኩል ስንዴና ጤፍ የነበረው እርሻ እየወጣችሁ ስትሄዱ ወደ ገብስ፣ ወደ ድንችና ወደ እንግዶ (የአጃ ዓይነት እህል) ይለወጣል፤ ከዚያ የአስታው ቁጥቋጦ፣ ከአስታው በላይ የጓሳው ሣርና ረጅሙ የጅብራ ተክል ይመጣሉ። እርሻው ተራራውን እየወጣ ጓሳውን እየቀነሰው መሄዱ በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ጮቄን ለማየት የሚቸኩል ሰው ቢቸኩል አልፈርድበትም። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ተምጫና ብር የተባሉት የዓባይ ገባሮች ከዚህ ተራራ ስለሚነሡ በየሸለቆው ውኃ አይጠፋም፤ ከብት የሚሰማራበት ስለሆነ ግን ሳታፈሉ ወይም ሳታክሙ አትጠጡ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው አርፎ ካልተሻለው መውረድ እንጂ መበርታት አያድነውም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል፣ ድንኳንና የሚያሞቅ የመኝታ ከረጢት የሌለው ሰው በላይ ለማደር አያስብ፤ ወርዶ በሮብ ገበያ ወይም በደብረ ማርቆስ ማደር ይበቃል።

ሰከላና አዊ፣ በተለይም በጥር

ከቡሬ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት ቲሊሊንና እንጅባራን ያቋርጣል። ከቲሊሊ ወይም ከፍኖተ ሰላም አቅጣጫ ወደ ሰከላ የሚወስደው መንገድ የጥርጊያ መንገድ ስለሆነ የገበያ ቀን ምክሩ ከየትም ይልቅ እዚህ ይሠራል። በሰከላ ግሽ ዓባይ ከሚባለው ቦታ የሚፈልቀው ምንጭ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ጣና ይወርዳል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1618 ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1770 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወደዚህ ምንጭ መጥተው ስለ እሱ ጽፈዋል፤ የአገሩ ሰው ግን ምንጩን ሌላ ሰው እስኪያገኝለት የጠበቀ አይደለም። ምንጩ ጸበል ነው፤ ከግሽ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በመሆኑም ሥርዓቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ወደ ውኃው የሚቀረበው ሳይበላና ሳይጠጣ ስለሆነ በማለዳ በባዶ ሆዳችሁ ሂዱ፤ ቁርስ የበላ ሰው ከውጭ ቆሞ አይቶ ይመለሳል። ጠባቂዎቹ ሳይፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ እጅ መታጠብና ውኃ ቀድቶ መሄድ አይገባም።

የጥር ወር ለዚህ አካባቢ የተለየ ነው፤ በዓላቱን በተራ ለያዘ ሰው ሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ብዙ ነገር ያሳየዋል። ጥር 10 እና 11 የከተራንና የጥምቀትን በዓል ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ከማክበር በአንድ ትንሽ የወረዳ ከተማ ማክበርን እመርጣለሁ፤ አልጋ ይገኛል፣ ታቦቱንም ተከትሎ ከመንደር ሰው ጋር መዝፈን ይቻላል። ጥር 13 የአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል በሰከላ ይከበራል፤ ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለግዮን ውኃ አደራ ሰጥተው ሳይረጥቡ መልሰው እንደ ተቀበሉ ትውፊቱ ስለሚናገር፣ ከሩቅ የሚመጣው ምእመን ብዙ ነው። ጥር 12 ጠዋት ወደዚያ የሚገባ መኪና በብዛት ይገኛል፤ አልጋ ግን ስለማይበቃ ጋቢያችሁን ለብሳችሁ ከሕዝቡ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ለማደር ተዘጋጁ።

ከሰከላ ወደ እንጅባራ ተመለሱና በመካከል ያሉትን ቀናት በአዊ አሳልፉ። የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ክብ ሐይቅ ሲሆን ከዋናው መንገድ ዳር ስለሚገኝ ከእንጅባራ ጥቂት ብር ከፍሎ ወርዶ በእግር መዞር ይቻላል። ጥርባ ሐይቅም በዚሁ ዞን ነው፤ ጎብኚ ስለማይበዛበት ለእኔ ከዘንገና ይበልጥብኛል። በአዲስ ቅዳም በኩል ስታልፉ የምታዩት ደን የተፈጥሮ አይደለም፤ የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉት ዲከረንስ የተባለው ግራር ነው፣ እየተቆረጠም እንደገና ይተከላል። በእንጅባራ የመንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠሩትን ባለ እጆች ማየትም አያስከፍልም። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ስለሆነ በአቅራቢያችሁ ወዳለ የማርያም ደብር ሂዱ። ጥር 23 ቀን በጊዮርጊስ በዓል የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ይሰበሰባሉ፤ በዓሉ በአድዋና በኋላም በአርበኝነቱ ዘመን የዋሉ ፈረሶችንና ፈረሰኞችን የሚያስታውስ ነው። ያጌጠው ፈረስ ሲሰግር ለማየት ከጋለቢያው መሥመር ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ መያዝ ይሻላል። በዚያን ቀን በከተማው አልጋ ስለማይገኝ፣ ወደ ሰከላ ከመሄዳችሁ በፊት የ22ንና የ23ን ሌሊት ከፍላችሁ ያዙ።

የምሥራቁ መንገድ

ከደጀን በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ከሚያልፈው ከምዕራቡ መንገድ ያነሰ ጎብኚ ያልፍበታል። ቢቸና የበላይ ዘለቀ አገር ነው። የዲማ ጊዮርጊስ ገዳምና የደብረ ወርቅ ማርያም በዚሁ አቅጣጫ ሲሆኑ፣ ከጉንደ ወይን ተገንጥሎ የሚሄደው መንገድ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዳሠሩት ወደ መርጡለ ማርያም ይወስዳል፤ የድንጋዩን ቅርጽ ለማየት ቢያንስ ግማሽ ቀን መስጠት ይገባል። የቅኔ ቤት ባለበት ደብር ስትደርሱ የኔታን ሳትሳለሙና ሳታስፈቅዱ ወደ ተማሪዎቹ ጎጆ አትግቡ፤ ተማሪውን ለምድ ለብሶና አኩፋዳ ይዞ ስላገኛችሁት ብቻ ካሜራ አታውጡበት። ለእነርሱ መስጠት ከፈለጋችሁ ሳሙናና ደብተር ከብር ይሻላል።

ጉልበት ያለው ሰው ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ ይውረድ። ድልድዩ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ዘመን በዓባይ ላይ ተሠርቶ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች መካከሉን ስላፈረሱት ሰዉ ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በረሃው ሙቀት አለው፣ ቁልቁለቱም ለመመለስ ዳገት ይሆናል። በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ አትሞክሩ፤ ገና ሳይነጋ ተነሡ፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ያዙ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከሦስት ሊትር ያላነሰ ውኃ ይኑራችሁ።

ጣና በርካሽ

ባሕር ዳር ላይ ገንዘብ የሚበላው የኪራይ ጀልባ ነው፤ ዋጋው በሰው ቁጥር ሳይሆን በጀልባው ስለሆነ አምስት ስድስት ሰው ሳይሞላ አትከራዩ። ወደ ዘጌ በየብስም ይኬዳል፤ ባለ ቡናውን ደን በእግር አቋርጦ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መሄድ ከጀልባው ይሻላል እላለሁ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው ስለሆኑ ወንድና ሴት የተቀላቀላችሁ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የሕዝብ መኪናም አለው፤ ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚወሰድ በበጋ ሂዳችሁ ቀጭን ጅረት ብታዩ አትገረሙ።

ማደሪያና ምግብ

በወረዳ ከተማ አልቤርጎ አይጠፋም። ከመክፈል በፊት ክፍሉን እዩ፣ ፍራሹን ገልብጡ፣ ውኃ በባልዲ መኖሩን ጠይቁ፤ ከታች ቡና ቤት ያለበትን ቤት ሙዚቃው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሳታውቁ አትያዙ። ምግብን በተመለከተ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት ወራት በገጠር ከተማ የፍስክ ምግብ ጨርሶ ላይገኝ ይችላል፤ ሽሮና በያይነት ግን ርካሽና አስተማማኝ ነው። ጠላና አረቄ በየቤቱ ይቀርባል፤ የደብረ ማርቆስ አረቄ በፍጥነት የሚጠጣ ስላልሆነ በማግስቱ ተራራ ያለበት ሰው ይተወው።

መሽቶባችሁ በመንደር ብትቀሩ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነን፣ አሳድሩን» ብላችሁ ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ ጥሩ፤ ውሻው ሳይያዝ አትግቡ። የጎጃም ገበሬ እንግዳን የሚያሳድረው የራሱን መደብ ለቅቆ፣ ልጆቹን መሬት ላይ አስተኝቶ ነው፤ ስለዚህ ይህን መስተንግዶ በዕቅድ ውስጥ እንደ ነጻ አልጋ ቆጥሮ መነሣት ነውር ነው። ብር ብትሰጡ አባወራው ቅር ይለዋል፤ ለእማወራዋ ቡና፣ ስኳር፣ ጨው ወይም ሳሙና ስጡ፤ ሁልጊዜ ከእነዚህ አንዱ በቦርሳችሁ ይኑር። ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫ ተነሡ፣ ካህኑን «አባ» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፣ ከየት እንደ መጣችሁና የማን ልጆች እንደሆናችሁ ስትጠየቁ በዝርዝር መልሱ፤ ጥያቄው ምርመራ አይደለም፣ ምሽቱም የሚያልፈው በዚሁ ነው።

ጤና

ባሕር ዳርን ጨምሮ በጣና ዙሪያና በዓባይ በረሃ ወባ አለ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጎበር ወይም የትንኝ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል፣ ከተመለሳችሁ በኋላም ትኩሳት ከያዛችሁ የት እንደ ነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። በጣና ዳርቻ በረጋው ውኃ መዋኘት ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ክትባት ወዳለበት ሆስፒታል በዚያው ቀን ሂዱ፤ ጉዞው ይቆማል፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

መመለሻ

በምዕራቡ መንገድ የሄደ ሰው ከባሕር ዳር በሞጣና በቢቸና አድርጎ በምሥራቁ ቢመለስ ያየውን መንገድ ሳይደግም ደጀን ይደርሳል። የበዓል ማግስትና የእሑድ መኪና ስለሚሞላ ትኬቱን ከአንድ ቀን በፊት ቁረጡ። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ ስለሆነ፣ በቀን ብርሃን የሚያልፈውን መኪና ምረጡ፤ ሾፌሩ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የሚነሣ ከሆነ በደጀን አድሮ በማለዳ መቀጠል ከአንድ ሌሊት አልጋ የበለጠ ወጪ የለውም። ከጎሐ ጽዮን በኋላ እስከ አዲስ አበባ የሚቀረው ከ200 ኪሎ ሜትር በታች ነው፣ መኪናም ቀኑን ሙሉ አይታጣም።